ፎስፈረስና ጥራጥሬ በኢትዮጵያ፦ የአንድ ማዳበሪያ ፖለቲካዊ ታሪክ

ስለ አገራችን የእርሻ ጥያቄ በቶርንክሊፍ ፓርክ የጥናት ክበብ በተደረገው ውይይት ሁለት የተሳሳቱ አቋሞች ተንጸባርቀዋል። አንደኛው፣ ማዳበሪያ የኢምፔሪያሊዝም ሸቀጥ ስለሆነ ስለ እሱ መናገር ከመሬትና ከሥልጣን ጥያቄ መሸሽ ነው ይላል። ሁለተኛው ደግሞ፣ የገበሬው ችግር የቴክኒክ ችግር ስለሆነ አፈሩ ተመርምሮ የጎደለው ቢጨመርለት ሌላው ሁሉ ራሱ ይስተካከላል ይላል። ሁለቱም ወገኖች ግን ሳይከራከሩ የተቀበሉት አንድ አነጋገር ነበር፤ እሱም «ጥራጥሬ ማዳበሪያውን ራሱ ይሠራል» የሚለው ነው። እኛ የምንነሣው ከዚህ ከሦስተኛው ነው። ግማሹ እውነት በመሆኑ ሳይመረመር ረጅም ዘመን ኖሯልና።

እውነቱ ይህ ነው። ሽምብራ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ አተር፣ ጓያና ቦሎቄ በሥሮቻቸው ላይ ትናንሽ እባጮች ያበቅላሉ። በእባጮቹ ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ናይትሮጅንን ከአየር እየወሰዱ ለተክሉ ይሰጡታል። ይህን ጀርመናዊው ሄርማን ሄልሪጌል እ.ኤ.አ. በ1886 ገለጠ፤ ሆላንዳዊው ማርቲኑስ ባይየሪንክ ደግሞ በ1888 ባክቴሪያውን ለይቶ አወጣው። ሳይንቲስቶቹ ስሙን አወጡለት እንጂ ከጤፍ በኋላ ሽምብራ የዘራ ማሳ ለቀጣዩ ሰብል እንደሚሻል የአዳኣና የምንጃር ገበሬ ከእነሱ መስማት አላስፈለገውም።

ሐሰቱ የሚጀምረው ናይትሮጅንንና ማዳበሪያን አንድ አድርጎ ከመቁጠር ነው። ፎስፈረስ በአየር ውስጥ የለም። ምንጩ ድንጋይ ነው፤ ከድንጋዩ ወደ አፈር፣ ከአፈር ወደ ተክል፣ ከተክል ወደ ከብትና ወደ ሰው፣ ከእነሱም ወደ ፍግና ወደ አጥንት ይሄዳል። ከማሳው ወጥቶ ካልተመለሰ የትኛውም ባክቴሪያ አይተካውም። ከዚህም በላይ፣ ጥራጥሬው ናይትሮጅን የሚሠራበት ጉልበት ራሱ በፎስፈረስ ላይ የቆመ ነው። አንዲት የናይትሮጅን ሞለኪውል ወደ አሞንያ እስክትለወጥ ቢያንስ 16 የኤቲፒ ሞለኪውሎች ይጠፋሉ፤ ኤቲፒ የሚባለው የሕዋስ ጉልበት ተሸካሚም ያለ ፎስፈረስ አይኖርም። ስለዚህ ፎስፈረስ ያጣ ሽምብራ እባጩ ያንሳል፣ ናይትሮጅኑም አብሮ ይቀንሳል፤ ከሁለት ወገን ይራባል ማለት ነው። «ራሱ ይሠራል» የተባለውም ሰብል ከሌሎቹ ይበልጥ ፎስፈረስ ፈላጊ ሆኖ ይገኛል።

በደረቅ አገር ጉዳዩ ይከፋል። ናይትሬት ከውሃ ጋር ሲሄድ፣ ፎስፈረስ ግን በአፈር ቅንጣቶች ዙሪያ ባለችው ስስ የውሃ ሽፋን ውስጥ በሚሊሜትር እየተንፏቀቀ ነው ወደ ሥር የሚደርሰው። አፈሩ ሲደርቅ ሽፋኗ ትሳሳለች፤ ፎስፈረሱም ባለበት ይቀራል። በመረሬና በዋልካ መሬት ላይ ሽምብራና ጓያ የሚዘሩት ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ በመስከረም ገደማ፣ መሬቱ በያዘው እርጥበት ነው። ከዚያ ወዲያ ዝናብ ተስፋ የለም። ፎስፈረሱ በብዛት ያለው ከላይ ባለው አፈር ነው፤ እሱም ቀድሞ ይደርቃል። ውሃው ከታች ይቀራል፣ እዚያ ግን ፎስፈረሱ ትንሽ ነው። ተክሉ በሁለቱ መካከል ተወጥሮ ይኖራል። ገና በችግኝነቱ ፎስፈረስ ያገኘ ሽምብራ ግን ሥሩን ቶሎ ወደ ታች ይሰዳል፣ ያለችውን ውሃ ሳታልቅ ይደርስባታል፣ ፍሬውንም ቀድሞ ይይዛል። ማዳበሪያው የትና መቼ ገባ የሚለው ምን ያህል ገባ ከሚለው የማያንስ ጥያቄ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ ከዘሩ አጠገብ በመስመር የገባና በማሳው ላይ የተበተነ አንድ አይደሉም። ፎስፈረስ ዝናብ አያመጣም። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. የወሎ ገበሬ ያለቀው በፎስፈረስ እጦት ነው የሚል ቢኖር የዘውዱን መንግሥት ወንጀል በኬሚስትሪ መሸፈን ይሆንበታል።

የአፈሩም ዓይነት ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። በቀይ አፈር ውስጥ ያሉት የብረትና የአሉሚኒየም ኦክሳይዶች ፎስፈረሱን ጨብጠው ይይዙታል፤ በጥቁር አፈር ውስጥ ደግሞ ካልሲየም ይይዘዋል። በዚህ የተነሣ ገበሬው ከጨመረው ፎስፈረስ ውስጥ በመጀመሪያው ዓመት ሰብሉ የሚወስደው ከ10 እስከ 25 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። የተረፈው አይጠፋም። በአፈሩ ውስጥ ተቀምጦ ለሚቀጥሉት ዓመታት በጥቂት በጥቂቱ ይለቀቃል። አንባቢ ይህችን ነጥብ እንዲይዝልን እንፈልጋለን። ፎስፈረስ እንደ ዘር በዓመቱ የሚሰበሰብ ወጪ አይደለም፤ በመሬት ውስጥ እንደተቀበረ ገንዘብ ነው። ታዲያ የተቀበረው ገንዘብ የማን ነው? መልሱ የኬሚስትሪ መልስ አይሆንም።

ወደዚያ ከመግባታችን በፊት ስለ ገበሬው ዕውቀት ጥቂት እንበል። በጎጃም፣ በተለይም በአዊና በሜጫ በኩል፣ የደከመ መሬት ላይ ግብጦ ይዘራል። ግብጦ መራራ ነው፤ ተቆልቶ ወይም ተቀቅሎ፣ ለቀናት ውሃ እየተለዋወጠለት ካልተዘፈዘፈ አይበላም፤ አረቄም ይወጣበታል። የከተማ ሰው የድሃ ምግብ ብሎ ይንቀዋል። የእርሻ ሳይንስ ግን ነጭ ግብጦን የፎስፈረስ ጥናት ዋና ተክል አድርጎታል። ፎስፈረስ ሲያጥረው እንደ ጠርሙስ ማጠቢያ ብሩሽ የተጠቀጠቁ ሥሮች ያበቅላል፤ ከእነዚህም የሎሚ ዓይነት አሲድ እያመነጨ አፈሩ ጨብጦ የያዘውን ፎስፈረስ ያስለቅቃል። ሽምብራም በመጠኑ እንዲሁ ያደርጋል። እንግዲህ የጎጃም ገበሬ «መሬቱ ሲደክም ግብጦ» ሲል መጽሐፍ ሳያይ፣ የታሰረን ፎስፈረስ የሚፈታውን ሰብል መርጦ አግኝቷል ማለት ነው። በሸዋ ደጋ ደግሞ አፈሩን ከምሮ በእሳት ማቃጠል የቆየ ልማድ ነበር፤ ቃጠሎው ለገብሱ የሚሆን ፎስፈረስ ይለቃል፣ ነገር ግን የአፈሩን ብስባሽ አብሮ ይበላዋል፤ ስለዚህ መሬቱ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት መከረም ነበረበት። የሕዝብ ዕውቀት ሁሉ ቅዱስ ነው አንልም። ጓያም እኮ ድርቅን የሚችል፣ ምንም በማይበቅልበት የሚበቅል የገበሬ ግኝት ነው። በረሃብ ዘመን ሌላ አጥቶ ለወራት ጓያ ብቻ የበላው የደምቢያና የፎገራ ገበሬ ግን እግሩ ሽባ ሆኗል።

የፎስፈረሱ ዑደት የተሰበረው በገበሬው አለማወቅ አይደለም። ደኑ አለቀ፤ ማገዶ ጠፋ፤ ፍጉ ኩበት ሆኖ ምድጃ ገባ። አመዱም በጓሮ ይደፋል እንጂ ወደ ራቀው ማሳ አይሄድም። የጓሮው መሬት እየወፈረ የሜዳው እየከሳ የመጣው በዚህ ነው። ከማሳው የሚወጣውን እንኳ ብናሰላ፣ አንድ ኩንታል ሽምብራ ወደ 300 ግራም የሚሆን ፎስፈረስ ይዞ ይወጣል፤ ገለባውን ከብቱ ይበላዋል። በየዓመቱ ትንሽ ነው። ለሺህ ዓመት ታርሶ፣ ግማሹም ሲሶውም ወደ ባላባት ጎተራና ወደ ከተማ ሲጋዝ ለኖረ መሬት ግን ትንሽ አይደለም። ግብሩ በእህል ሲሄድ ፎስፈረሱም አብሮ ሄዷል።

ሩሲያዊው ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 ኢትዮጵያን ዞሮ አይቶ አገራችንን ከዓለም ዋና ዋና የሰብል ዝርያ መናኸሪያዎች አንዷ አድርጎ መዝግቧታል፤ ሽምብራው፣ ምስሩ፣ አተሩና ባቄላው በዓይነት የበለጸጉባት አገር ናት። ይህ ሀብት ለምን ፎስፈረስ አጣ የሚለውን ለመረዳት ፎስፈረሱ የት እንደ ሄደ ማየት ያስፈልጋል።

እንግሊዛዊው ጆን ቤኔት ሎዝ እ.ኤ.አ. በ1842 አጥንትንና የፎስፌት ድንጋይን በሰልፈሪክ አሲድ አሟሙቶ ሱፐርፎስፌት የሚባለውን ማዳበሪያ የመሥራት ፓተንት አወጣ። ከዚያ በኋላ የአውሮፓ ካፒታል ፎስፌት ፍለጋ ዓለምን አሰሰ። የእኛን ጉዳይ በጣም የሚመስለው የደቡብ አውስትራልያ ታሪክ ነው። እዚያ አፈሩ አሮጌና ፎስፈረስ የራበው፣ ዝናቡም ጥቂት ነው። በ1880ዎቹ የሮዝዎርዚ እርሻ ኮሌጅ መምህር ጆን ከስታንስ ሱፐርፎስፌት ይግባ ብሎ ወተወተ፤ ከዚያም ማዳበሪያውን ከዘሩ ጋር በመስመር የሚጥለው የመዝሪያ መኪና ተስፋፋ። አሞስ ሃዋርድ የተባለ ገበሬ ደግሞ በ1889 በማውንት ባርከር አካባቢ ከመሬት በታች ፍሬዋን የምትቀብር የክሎቨር ዓይነት አገኘ። ያቺ ጥራጥሬ ከሱፐርፎስፌት ጋር ስትጣመር የደረቁን አገር ግጦሽና ስንዴ ለወጠችው። ናይትሮጅኑን ክሎቨሯ ሠራች፤ ፎስፈረሱ ግን ከውጭ መጣ።

ከየት መጣ? ከናውሩና ከባናባ ደሴቶች። በባናባ ቁፋሮው በ1900 ተጀመረ፤ በናውሩም ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ተከተለ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እንግሊዝ፣ አውስትራልያና ኒው ዚላንድ ፎስፌቱን በጋራ ኮሚሽን ያዙት። የባናባ ሕዝብ በ1945 ከደሴቱ ተነቅሎ በፊጂ ወዳለችው ራቢ ተወሰደ፤ ቁፋሮው እስከ 1979 ድረስ ቀጠለ። ናውሩ በ1968 ነፃ ስትወጣ የመካከሉ መሬቷ በከፊል የድንጋይ ጫካ ሆኖ ነበር። የአውስትራልያ ስንዴ የበቀለው በሌሎች ሰዎች መሬት ላይ ቆሞ ነው ስንል ምሳሌ መናገራችን አይደለም፤ መሬቱ በመርከብ ተጭኖ ሄዷል።

አሁን ያለንባትም አገር ከዚህ አትለይም። በኦቨርሊ ቡሌቫርድ ካሉት ሱቆች እኛም፣ የፓኪስታንና የአፍጋኒስታን ጎረቤቶቻችንም የምንገዛው ምስር አብዛኛውን ጊዜ የሳስካችዋን ምርት ነው። ካናዳ ዛሬ በዓለም ምስር በመላክ ቀዳሚ ናት። ይህ ግን የትናንት ታሪክ ነው። ያን ደረቅ ሜዳ የጆን ፓሊሰር ጉዞ (1857 እስከ 1860) ለእርሻ የማይሆን ብሎ መዝግቦት ነበር። በ1870ዎቹ ነባሩ ሕዝብ በውል ስም ከመሬቱ ተገፋ፤ በ1872 በወጣው ሕግ ሰፋሪው 160 ኤክር መሬት በስሙ አገኘ። ፎስፈረሱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በብሪቲሽ ኮሎምቢያ የትሬይል ማቅለጫ የሚተፋው የድኝ ጭስ ድንበር ተሻግሮ የዋሽንግተንን ገበሬዎች ሰብል ስላቃጠለ ክስ ተነሣ፤ ኩባንያውም ጭሱን ይዞ ሰልፈሪክ አሲድ፣ ከአሲዱም የአሞንየም ፎስፌት ማዳበሪያ መሥራት ጀመረ። የዝሆን ምልክት ያለበት ከረጢት ከ1931 ወዲህ በሜዳው ላይ ተሠራጨ። የሳስካችዋን ዩኒቨርሲቲ በ1972 አል ስሊንካርድን ቀጠረ፤ በ1978 «ሌርድ» የተባለው የምስር ዝርያ ወጣ። የካናዳ ገበሬ ምስሩን ሲዘራ ባክቴሪያውንም ፎስፈረሱንም ከዘሩ ጋር በመስመር ያስገባል። ከኢትዮጵያ ገበሬ በዕውቀት ስለሚበልጥ አይደለም። መሬቱ በስሙ ስለሆነ፣ ዘንድሮ የቀበረውን ፎስፈረስ የዛሬ አምስት ዓመትም እሱ ራሱ ስለሚያወጣው ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። የእርሻ ትምህርትና ምርምር በአሜሪካን እርዳታ በዓለማያ ኮሌጅ ተጀመረ፤ የደብረ ዘይት ጣቢያም የዚሁ ኮሌጅ ቅርንጫፍ ሆኖ የጤፍና የጥራጥሬ ምርምር ማዕከል ሆነ። የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ1966 ተቋቋመ። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት «ከረሃብ ነፃ የመውጣት ዘመቻ» በሚለው ፕሮግራሙ ከ1967 ጀምሮ በገበሬዎች ማሳ ላይ የማዳበሪያ ሙከራና ማሳያ አደረገ። በዚያው ዓመት በስዊድን እርዳታ የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ ማለት ካዱ፣ በአሰላ ተመሠረተ። በ1970 ዋዱ በወላይታ፣ በ1971 «ሚኒመም ፓኬጅ» የተባለው ፕሮግራም፣ በ1972 የአዳኣ ወረዳ ፕሮጀክት ተከተሉ። የሙከራዎቹ ውጤት አንድ ነገር አሳየ፤ የአገራችን አፈር ናይትሮጅንና ፎስፈረስ እንደራበው ግልጽ ሆነ። ዳፕ የተባለው ማዳበሪያ በአንድ ኩንታሉ 18 ኪሎ ናይትሮጅንና 46 ኪሎ ፎስፌት፣ ማለትም 20 ኪሎ ንጹሕ ፎስፈረስ ይዞ ወደ አገር ገባ።

ለጥራጥሬው ግን አልገባም። ፓኬጁ የተሠራው ለስንዴ፣ ለጤፍ፣ ለገብስና ለበቆሎ ነበር። የከተማው ዳቦና የባለመሬቱ ገበያ የሚፈልጉት እነሱን ነው፤ ሽሮ የሚበላው ሕዝብ በፕሮጀክት ሰነድ ላይ ድምፅ አልነበረውም። ደግሞም ዳፕ ለጥራጥሬ የሚመች አይደለም። ናይትሮጅኑ ለሽምብራው ትርፍ ነው፣ ከበዛም እባጩን ያደክመዋል፤ ገበሬው የማያስፈልገውን ከሚያስፈልገው ጋር አጣምሮ እንዲገዛ ይገደዳል። ናይትሮጅን የሌለበት፣ 46 በመቶ ፎስፌት ያለው ትሪፕል ሱፐርፎስፌት የሚባል ማዳበሪያ በዓለም ገበያ ነበረ፤ ወደ ገበሬው ጎተራ ግን በሚቆጠር መጠን አልደረሰም። ዳፕ ለማጓጓዝ ይረክሳል፣ ለአንድ ወጥ ምክርም ይመቻል። ከቢሮ ሆኖ ሲታይ አገር ሁሉ አንድ ማሳ ነው።

ዋናው ነጥብ ያለው ከመሬት ይዞታው ላይ ነው። አንድ ጭሰኛ እንውሰድና በምሳሌ እናስላ። ማዳበሪያው ሁለት ኩንታል እህል የሚያወጣ ዋጋ አለው እንበል፤ ምርቱንም በአራት ኩንታል ይጨምርለታል እንበል። ለባለ ርስት ይህ የሁለት ኩንታል ትርፍ ነው። የእኩል አራሹ ግን ከአራቱ ሁለቱን ለባለመሬቱ ይሰጣል፣ በቀሪው ሁለት የማዳበሪያውን ዕዳ ይከፍላል፤ በእጁ ምንም አይቀርም። ባለመሬቱ ሳይለፋና ሳይበደር ሁለት ኩንታል ያገኛል። የሲሶ አራሹም ቢሆን ከኩንታል በታች ነው የሚተርፈው፤ አንድ ዓመት ዝናብ ቢያንስ ያም ይሄዳል። አሥራት በ1960 ዓ.ም. በሕግ ተሽሮ ሳለ ባለመሬቶች ከጭሰኛው መሰብሰቡን እንዳልተዉት ደግሞ ይታወቃል። በዚህ ላይ የፎስፈረሱን ጠባይ እንጨምርበት። ከሦስት እጅ የማያንሰው በመሬቱ ውስጥ ይቀራል ብለናል። ጭሰኛው በሚቀጥለው ዓመት ቢባረር፣ የገዛው ፎስፈረስ ከመሬቱ ጋር የባለመሬቱ ይሆናል። ለስንዴ ጨምሮ በሚቀጥለው ዓመት በቅሪቱ ሽምብራ ወይም ባቄላ ሊያወጣበት ያሰበው ሰው ሽምብራውን የሚዘራው ሌላ ሆኖ ይገኛል። ታዲያ ማዳበሪያ አልገዛም ያለው ጭሰኛ «ኋላ ቀር» ነበርን? የፕሮጀክቱ ባለሙያዎች እንዲህ ብለው ጽፈዋል። እኛ ግን ሂሳቡን ከእነሱ የተሻለ ያውቅ ነበር እንላለን።

መባረሩም ግምት ብቻ አልነበረም። በጭላሎ ስንዴው በማዳበሪያና በተሻሻለ ዘር ሲያብብ፣ ትራክተሩም ያለ ቀረጥ ሲገባ፣ ባለመሬቶች ጭሰኛ እንደማያስፈልጋቸው ተረዱ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦች ከአባቶቻቸው ማሳ ተነቀሉ። ስዊድኖች የጭሰኛ ሕግ እንዲወጣ ወተወቱ፤ ረቂቁ በፓርላማው ደጋግሞ ቀረበ፤ ባለመሬቶች የተቀመጡበት ፓርላማ አንድም ጊዜ አላጸደቀውም። በየካቲት 1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው ወደዚያው ፓርላማ ሲሰለፉ ካዱ ገና አልተወለደም ነበር። ተማሪው ስለ ፎስፈረስ የሚያውቀው ነገር አልነበረም፤ ቢሆንም ያነሣው ጥያቄ ካዱን ለገጠመው ችግር ትክክለኛው ጥያቄ ሆኖ ተገኘ።

በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ። ባለመሬቱ ከማሳው ላይ ተነሣ። ይህ የብዙ ትውልድ ትግል ውጤት መሆኑን እናምናለን፤ በደርግ ችሮታ የመጣ አይደለም። የቀበሩትን ፎስፈረስ ማን ያወጣዋል የሚለው ጥያቄ ለጥቂት ጊዜ መልስ ያገኘ መሰለ። በዚያው ሰሞን ግን የውጭው ገበያ ተናወጠ። ሞሮኮ በ1974 እ.ኤ.አ. የፎስፌት ድንጋዩን ዋጋ ከሦስት እጥፍ በላይ ከፍ አደረገች፤ የነዳጁም ዋጋ አብሮ ናረ፤ ማዳበሪያ ተወደደ። ከዚያ ወዲያ ደርግ በገበሬው ላይ ኮታ ጫነ። የመንግሥት እህል ገዢው ድርጅት በቆረጠው ዋጋ ያስረክብ ተባለ፤ የገባውም ማዳበሪያ በቅድሚያ ወደ መንግሥት እርሻዎችና ወደ አምራች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ሄደ። የግል ገበሬው ከአገሪቱ እህል እጅግ የሚበዛውን እያመረተ ከማዳበሪያው ግን ትርፍራፊው ደረሰው። በመሬቱ ላይ የባለመሬት ሲሶ ቀረ፤ በምርቱ ላይ የመንግሥት ኮታ መጣ።

ኮታው በ1982 ዓ.ም. ተነሣ። ከ1985 ዓ.ም. ጀምሮ በሳሳካዋ ግሎባል 2000 ማሳያዎች፣ ከዚያም በ1987 ዓ.ም. በተጀመረው የመንግሥት ኤክስቴንሽን ፓኬጅ ዳፕና ዩሪያ በብድር በገፍ ተሠራጨ። ለአንድ ሄክታር አንድ ኩንታል ዳፕና አንድ ኩንታል ዩሪያ የሚለው ቀመር ደጋ ቆላ፣ ቀይ ጥቁር ሳይል ከአገር ዳር እስከ ዳር ተሰበከ። ብድሩ በወረዳው አስተዳደር እጅ ነበር፤ ዝናብ ከድቶት ያልከፈለ ገበሬ በሬው ተሸጦበታል፣ ታስሮበታልም። በሬ የሌለው ደግሞ መሬቱን በእኩል ለሌላ ይሰጣል። በዚህ መንገድ «እኩል» የሚለው ቃል ተመልሶ መጣ። በአማራ ክልል በ1989 ዓ.ም. መሬት እንደገና ተሸነሸነ፤ ለማሳው ዛሬ የሚጨምር ነገ የእሱ መሆኑን ያልተማመነ ገበሬ ደግሞ ፎስፈረስ አይቀብርም። ኋላ የመጣው የይዞታ ደብተር ይህን ሥጋት በመጠኑ አቃልሎለታል። መሬት ያልደረሰው ወጣት ግን ዛሬም ለአንድና ለሁለት ዓመት እየተከራየ ነው የሚያርሰው፤ ለእሱ የ1960ዎቹ የጭሰኛ ሂሳብ አልተለወጠም።

ለጥራጥሬው ምን ተደረገ? ጨርሶ ምንም አልተደረገም ማለት ሐሰት ነው። ደብረ ዘይት ከአለፖው ኢካርዳና ከሕንዱ ኢክሪሳት በመጡ ዝርያዎች ላይ ሠርቶ «አረርቲ» የተባለውን የሽምብራ ዝርያ የመሳሰሉትን አወጣ፤ በምንጃር ሸንኮራና በአዳኣ ተስፋፍተዋል። በስምጥ ሸለቆ ነጭ ቦሎቄ ለውጭ ገበያ ይመረታል። መናገሻ ባዮቴክ የተባለ የግል ኩባንያ የእባጩን ባክቴሪያ በከረጢት እያሸገ ይሸጣል፤ በብዙ ማሳ ላይ በተደረጉ ሙከራዎችም ባክቴሪያውና ፎስፈረሱ አብረው ሲገቡ ለየብቻ ከገቡበት ይልቅ በአብዛኛው የተሻለ ውጤት ታይቷል። የአፈር ካርታ ከተጀመረ በኋላ፣ ከ2006 ዓ.ም. ወዲህ ባሉት ዓመታት፣ ዳፕ ቀርቶ ድኝ ያለበት ኤን ፒ ኤስ ተተካ። ካርታው መልካም ነው። ገበሬው ግን አሁንም መርጦ አይገዛም፤ ከኅብረት ሥራው መጋዘን የመጣለትን ይወስዳል። ኤን ፒ ኤስ በኩንታል 38 ኪሎ ፎስፌት ሲኖረው 19 ኪሎ ናይትሮጅን አለበት፤ ለሽምብራ ዘሪ ነገሩ ያው ነው። አብዛኛው ገበሬ ያችን የውድ ማዳበሪያ ለጤፍና ለስንዴ ያደርጋል፣ ሽምብራውን በቅሪቱ ይዘራል። ስህተት ነው ልንል አንደፍርም። ጤፉ ይሸጣል፣ ዕዳ ይከፍላል።

እ.ኤ.አ. በ2022 የዩክሬን ጦርነት ሲነሣ የዓለም ማዳበሪያ ዋጋ እንደገና ናረ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ በአማራ ክልል ገበሬዎች ማዳበሪያ ጠፋ ብለው አደባባይ ወጡ። ለገበሬ ሰኔ ላይ አደባባይ መውጣት ማለት በሬውን ከቀንበር ፈትቶ መምጣት ማለት ነው፤ ይህን የሚያውቅ ሰው የቁጣውን ልክ ያውቃል።

መንግሥታት ለዚህ መልሱ ፋብሪካ ነው ይላሉ። በ2004 ዓ.ም. የተጀመረው የያዩ ማዳበሪያ ፋብሪካ ብዙ ገንዘብ በልቶ ሳያልቅ ቀረ። በኅዳር 2009 ዓ.ም. የሞሮኮው ንጉሥ አዲስ አበባ ሲመጡ በድሬዳዋ በቢሊዮን ዶላሮች የሚገመት ፋብሪካ ለማቆም ከሞሮኮው የፎስፌት ድርጅት ጋር ውል ተፈረመ፤ በተባለው ጊዜ አልቆመም። ያ ድርጅት ከሚሸጠው ፎስፌት ከፊሉ ከምዕራብ ሰሐራ፣ ከቡ ክራዕ የሚወጣ መሆኑን ማስታወስ ይገባል፤ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1979 ለሰሐራዊት ሪፐብሊክ ዕውቅና የሰጠች አገር ናት። በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ደግሞ በሶማሌ ክልል በጎዴ ከዳንጎቴ ኩባንያ ጋር የዩሪያ ፋብሪካ ውል ተፈረመ። ፋብሪካው ቢሳካ ለስንዴውና ለበቆሎው መልካም ነው። ዩሪያ ግን ናይትሮጅን ብቻ ነው። ሽምብራ በነፃ ከአየር የሚወስደውን ለመሥራት በቢሊዮን ዶላር ፋብሪካ ይቆማል፤ ከአየር የማይገኘው ፎስፈረስ በውጭ ምንዛሪ መምጣቱን ይቀጥላል።

በምዕራብ ወለጋ በጊምቢ አጠገብ፣ ቢቂላል በሚባለው ቦታ፣ አፓታይት የተባለ የፎስፈረስ ድንጋይ ክምችት አለ። ከእሳተ ገሞራ ወገን የሆነ ድንጋይ ስለሆነ ተፈጭቶ ብቻ ቢበተን ቶሎ አይሟሟም፤ አሲድ ይፈልጋል፣ ወይም ከፍግና ከብስባሽ ጋር መዳበር አለበት። የከብቶቻችንም አጥንት በየቄራው ደጃፍ ተከምሮ ይታያል። የሎዝ ፋብሪካ ሥራውን የጀመረው በአጥንት መሆኑን ከላይ ጽፈናል። የቢቂላልን ድንጋይ የማሟሟት ዘዴና ወጪ ኬሚስትሪ የሚያጠኑ ጓዶች ለሚቀጥለው እትም እንዲያዘጋጁ ተመድበዋል፤ የአጥንቱን ጉዳይ የሚይዝ ግን እስከ አሁን አልተገኘም።